ለአትክልት የሚነሰነስ የለውዝ ቅመም፦ ለምን ይጣፍጣል፣ ለምንስ ቶሎ ይበላሻል?

በጾም ወቅት እኛ ቤት ከትሪው ላይ ሁልጊዜ የሚተርፈው ጥቅል ጎመን ነበር። ሽሮው ያልቃል፣ ምስሩ ይጠረጋል፣ ጎመኑ ጥግ ይዞ ይቀራል። ልጆቹ ካሮቱን እየለቀሙ ይበላሉ እንጂ ጎመኑን አይነኩትም። ዘይት ብጨምርበትም፣ ነጭ ሽንኩርት ባበዛበትም ለውጥ አልነበረውም። አንድ ቀን ለቡና ቁርስ ከቆላሁት ለውዝ የተረፈ እፍኝ ነበረኝ። በሙቀጫ ሸክሸክ አደረግኩት። ከታመሰ ድምብላልና ከትንሽ ጨው ጋር ቀላቀልኩትና ጎመኑ ላይ ነሰነስኩት። ያን ቀን ትሪው ላይ የቀረ ጎመን አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ባሕር ዳር ያለው ቤቴ ከዚህ ቅመም ተለይቶ አያውቅም። ጎረቤቶቼም እየቀመሱ አሠራሩን ይጠይቁኛል። እኔም መጠኑን በሲኒና በማንኪያ እነግራቸዋለሁ። ችግሩ የሚመጣው ከወር ከሁለት ወር በኋላ ነው። አንዷ "እንዳልሽኝ ነው የሠራሁት፣ ግን መረረብኝ" ትለኛለች። ሌላዋ "የእኔ ተጋገረ፣ ከጠርሙሱ አልወጣ አለ" ትላለች። አንዲት ጎረቤቴ ደግሞ የሻገተ ጠርሙስ ይዛ መጥታ "ላዩን ጥዬ የታችኛውን ብጠቀምስ?" ብላ ጠየቀችኝ። መጠን መንገር ብቻውን እንደማይበቃ ያኔ ገባኝ። ይህ ቅመም ለምን እንደሚጣፍጥና ለምን እንደሚበላሽ የተረዳ ሰው መጠኑን ራሱ ያገኘዋል። የሁለቱም ጥያቄ መልስ ደግሞ አንድ ነው፤ ዘይቱ ነው።

በወጥ ሙያ ላይ መከለሻን የማያውቅ የለም። ወጡ ሊወርድ ሲል ጣል የምናደርገው ኮረሪማ፣ ጥምዝ፣ ጥቁር አዝሙድና የመሳሰለው ነው። አሁን የምነግራችሁም የአትክልት መከለሻ ነው። ልዩነቱ መሠረቱ ላይ ነው። አብዛኛው ለውዝ ወይም የቅባት እህል ነው፤ ቅመሙ ጥቂት ነው። እንደ በርበሬ አይልምም። ጥርስ ላይ እንዲሰማ ተደርጎ ከርደድ ብሎ ይወቀጣል።

ነገሩ ለዓለም አዲስ አይደለም። ግብፆች ዱቃ የሚሉት አላቸው። ስሙ በዐረብኛ ከመውቀጥ፣ ከመደቆስ የመጣ ነው፤ እኛ "ደቀቀ"፣ "ድቅቅ" ከምንለው ጋር ሥሩ አንድ ነው። ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ ድምብላልና ከሙን አብረው ይወቅጣሉ። ዳቦውን መጀመሪያ ዘይት፣ ቀጥሎ ዱቃው ውስጥ እየነከሩ ይበላሉ። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የሕንዶቹ ነው። ማሃራሽትራና ካርናታካ በሚባሉት ክፍለ ግዛቶች ከተቆላ ኑግ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከበርበሬ የሚሠራ ደረቅ ማባያ አለ። ኑግ መነሻው ኢትዮጵያ ነው። ጥቅምት ላይ ከባሕር ዳር ወጣ ስትሉ ማሳውን ቢጫ አድርጎት የምታዩት ያ ኑግ ነው። ጎጃም ያደገ ሰው ኑግ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ከተቆላ እህል ጋር ጭብጦ ሆኖ ሲበላ አይቷል። ያንን ሙያ ወደ አትክልቱ ሳህን ማምጣት ነው የቀረን።

ለምን አትክልቱን ያጣፍጣል?

ሁለት ምክንያት አለው። ሁለቱም እኛው ቤት በየቀኑ የምናያቸው ናቸው።

የመጀመሪያው መቆላት ነው። ጥሬ ቡና አሽትታችሁ ታውቃላችሁ? ሣር ሣር ይላል። ምጣድ ላይ ሆኖ ሲጠቁር ግን ሽታው ሰፈሩን ይጠራል። በመቆላት ጊዜ በፍሬው ውስጥ ያለው ፕሮቲንና ስኳር በሙቀት ተገናኝተው በመቶ የሚቆጠሩ አዳዲስ ጣዕሞችና ሽታዎች ይፈጥራሉ። የለውዝም፣ የሰሊጥም፣ የዳቦ ቅርፊትም ሽታ ከዚሁ ነው የሚመጣው። ይህ ግን በደንብ የሚጀምረው ሙቀቱ ወደ 140 ዲግሪ ሲጠጋ ነው። አሁን የተቀቀለውን ጎመን አስቡት። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ድስቱ ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ አትክልቱ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ቀኑን ሙሉ ብትቀቅሉት የመቆላትን ጣዕም አያገኝም፤ ይልቁንም ይሟሽሻል። የተቆላ ለውዝ ስትነሰንሱበት ድስቱ ሊሰጠው ያልቻለውን ጣዕም ከውጭ ታመጡለታላችሁ።

ሁለተኛው ዘይቱ ራሱ ነው። የቅመም ሽታ አብዛኛው ከውሃ ይልቅ ከቅባት ጋር ነው የሚስማማው። ቅቤ ስናነጥር ኮረሪማና ኮሰረት የምንጨምረው ለዚህ ነው። ቅቤው ሽታውን ይይዝና በኋላ ወጡ ውስጥ ይለቀዋል። ያንኑ ኮረሪማ ውሃ ውስጥ ብትቀቅሉት ሽታው ከእንፋሎቱ ጋር ቤቱን ሞልቶ ይወጣል፣ ድስቱ ውስጥ ትንሽ ይቀራል። በጾም ቅቤ የለም። የቅቤውን ሥራ የሚሠራው ለውዙና ሰሊጡ ነው። ቅመሙ ከለውዙ ጋር አብሮ ሲወቀጥ ዘይቱ ሽታውን ይጠጣዋል። ምላስ ላይ ሲደርስ ቀስ ብሎ ይለቀዋል።

ከጣዕም ባሻገር ጥቅምም አለው። ካሮት፣ ዱባ፣ ቆስጣና ሐበሻ ጎመን ውስጥ ቤታ ካሮቲን የሚባል ነገር አለ። ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጠዋል። ቅባት ከሌለበት ምግብ ግን ሰውነት የሚወስደው ጥቂቱን ብቻ ነው። የተወቀጠ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ካሮት ባዶውን ከተቀቀለ ካሮት የተሻለ የሚመግበው ለዚህ ነው። ልጆች ላሏቸው እናቶች ይህን ደጋግሜ እነግራለሁ።

ዘይቱ ሲዞርብን

ሰሊጥ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው። ለውዝም ወደ ግማሽ ይጠጋል። ተልባ 40 በመቶ ገደማ፣ ኑግ ደግሞ ከ30 እስከ 40 በመቶ ነው። የቅባት እህል መባላቸውም ለዚህ ነው። በርበሬ እንዲህ ዓይነት ዘይት የለውም። ስለዚህ በርበሬ በአንድ ጊዜ ተዘጋጅቶ ዓመት ይከርማል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የለውዙንም ቅመም እንደ በርበሬ አስቦ ለዓመት ያዘጋጀዋል። ይህ ቅመም ግን አይከርምም።

ያልተወቀጠ ሰሊጥ ዘይቱን በየጥቃቅኑ ክፍል ዘግቶ ይዞታል። አየር አያገኘውም። ስትወቅጡት እነዚያ ክፍሎች ሁሉ ይፈነዳሉ። ዘይቱ ይወጣና አየር ይነካዋል። አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ዘይቱን ቀስ በቀስ ይለውጠዋል። መጀመሪያ ሽታው ይጠፋል፣ ቀጥሎ የከረመ ዘይት መሽተት ይጀምራል፣ በመጨረሻ ምላስ ላይ ይመራል። ብርሃንና ሙቀት ያፋጥኑታል።

ሁሉም ግን እኩል አይበላሽም። ሰሊጥ ዘይቱን የሚጠብቁለት የተፈጥሮ ንጥረ ነገሮች ስላሉት ይታገሣል። ተልባ በተቃራኒው ፈጥኖ ነው የሚሄደው። የተልባ ዘይት አየር ሲያገኘው ስለሚደርቅ ቀለም ቀቢዎች ለብዙ ዘመን ተጠቅመውበታል። የቆየ የተልባ ዱቄት ስታሸቱ ቀለም ቀለም ቢላችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው። ለውዝና ኑግ በመሃል ናቸው።

እኔ ይህን የተማርኩት አንድ ሙሉ ጠርሙስ ጥዬ ነው። ጣናን በሚያይ መስኮት ላይ አስቀምጬው ነበር። ያምር ነበር። የከሰዓት ፀሐይ በቀጥታ ያገኘው እንደነበር ልብ አላልኩም። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ከረፋ። አሁን ቁምሳጥን ውስጥ፣ ከምድጃው ርቆ ነው የማስቀምጠው።

እርጥበቱ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ሐይቅ ዳር የምንኖር ሰዎች ይበልጥ ልናስብበት ይገባል። የባሕር ዳር ዝናብ አብዛኛው የሚጥለው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በሐምሌና በነሐሴ ልብስ እንኳ በወጉ አይደርቅም። ጨው ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ቅመሙም ይጋገራል። የፍልሰታ ጾም የሚውለው ደግሞ ነሐሴ ላይ ነው፤ ቅመሙን በጣም የምንፈልገው እርጥበቱ በበዛበት ወር ነው ማለት ነው። ስለዚህ በክረምት ጨዉን ቀድሜ አልቀላቅልም። ሳህን ላይ ስነሰንስ ነው የምጨምረው።

ስለ ሻጋታ በግልጽ ልናገር

ያቺ ጎረቤቴ "ላዩን ብጥልስ?" ስትለኝ የመለስኩላት "ሁሉንም ጣይው" ብዬ ነው። ይህን ስል ንፍገት የለብኝም፤ ለውዝ ውድ እንደሆነ አውቃለሁ።

ለውዝ ላይ ከሚበቅሉት ሻጋታዎች አንዳንዶቹ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫሉ። መርዙ የሚጎዳው ጉበትን ነው። ለረጅም ጊዜ በትንሽ በትንሹ ሲወሰድ የጉበት ካንሰር ያመጣል። መጀመሪያ የታወቀውም በአሳዛኝ መንገድ ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ ተርኪ የሚባሉ የእርባታ ወፎች በአጭር ጊዜ ውስጥ ሞቱ። ሲጣራ የበሉት መኖ የሻገተ የለውዝ ፋጉሎ ነበረበት።

ሦስት ነገር እወቁ። መርዙ አይታይም፣ አይሸትም። ቤት ውስጥ በመቁላት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ሻጋታው ላይ ላዩን ቢታይም መርዙ ወደ ውስጥ ዘልቆ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማጠብም፣ እንደገና መቁላትም፣ ላዩን መጥረግም አያድንም። የሚያድነው ከመቁላቱ በፊት አንድ በአንድ መልቀም ነው። የተጨማደደ፣ የጠቆረ፣ ነቀዝ የበላው፣ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ዱቄት ያለበት፣ ሲከፈል ውስጡ የጠየመ ፍሬ ሁሉ ይውጣ። አፍላቶክሲን በጥቂት መጥፎ ፍሬዎች ላይ ተከማችቶ የሚገኝ ስለሆነ መልቀም በእርግጥ ይጠቅማል። እናቶቻችን ምስርና ሽምብራ ሲለቅሙ የሚያሳዩት ትዕግሥት እዚህ ላይ ነው የሚያስፈልገው። የለቀማችሁትን መጥፎ ፍሬ ለዶሮም አትስጡ።

ከገበያ እስከ ሙቀጫ

እኔ የምገዛው ከቅዳሜ ገበያ ነው። ሁሉንም ሙሉውን፣ ያልተፈጨውን ነው የምገዛው። የተፈጨ ድምብላል ሽታው ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል፤ ምን እንደተቀላቀለበትም አይታወቅም። ለውዙን ከነቅርፊቱ ካገኛችሁ እሱ ይሻላል። ቅርፊቱ ይጠብቀዋል። ተቆልቶ የሚሸጠውን ለዚህ ሥራ አልመክርም። መቼ እንደተቆላ አታውቁም። ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ፍሬ አኝኩ። መጨረሻ ላይ ጉሮሮ የሚከረክር ከሆነ እለፉት። ለውዝም ሰሊጥም ኑግም አዲሱ ምርት ገበያ ላይ የሚበዛው ከኅዳር በኋላ ነው። አየሩም ያኔ ደረቅ ነው። ለጀማሪ ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም።

አሁን ወደ ቆላው እንምጣ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙልኝ፦ እያንዳንዱን ለየብቻው ቁሉ። አብሮ መቁላት ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል። ነገር ግን ለውዝ በመካከለኛ እሳት 10 ደቂቃም 15 ደቂቃም ይፈልጋል። ሰሊጥ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይበቃዋል። ድምብላል 2 ወይም 3 ደቂቃ ነው። ከሙን አንድ ደቂቃ ከቆየ በቂው ነው። ጥቁር አዝሙድን ምጣዱ ከወረደ በኋላ በቀረው ሙቀት ብቻ አገላብጡት፤ ካረረ ምሬቱ ሁሉንም ያበላሻል። አብራችሁ ብትቆሏቸው ለውዙ ሳይበስል ከሙኑ ከሰል ይሆናል። "መረረብኝ" ካሉኝ ሴቶች ግማሾቹ ምክንያታቸው ይኸው ነበር። ዘይቱ ገና አልተበላሸም፤ ቅመሙ ነው ያረረው።

እሳቱ መካከለኛ ይሁን። በኃይለኛ እሳት ላዩ ይጠቁራል፣ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ጥሬ የቀረው ደግሞ እርጥበት ይዞ ይቆያል። ሰሊጥ መንጣጣት ሲጀምር ደርሷል ማለት ነው። ለውዝ ግን አታላይ ነው። ትኩስ ሳለ ለስላሳ ስለሆነ ያልበሰለ ይመስላል። ከምጣዱ ወርዶም በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል። ስለዚህ ደረሰ ከምትሉበት ትንሽ ቀደም ብላችሁ አውጡትና ሰፌድ ላይ ዘርጉት። ሲበርድ ሁለት ቦታ ስበሩት። ቀጭ ካለ በቂ ነው። ከዚያ በመዳፋችሁ አሽታችሁ ገለባውን አንፍሱት።

ማቀዝቀዙን አትዝለሉት። ትኩሱን ብትወቅጡት ዘይቱ ቶሎ ይወጣና ሊጥ ይሆናል። ትኩሱን ጠርሙስ ውስጥ ብትዘጉት እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ሻጋታ የሚጀምረው ከዚያች ጠብታ ነው። እኔ ሌሊቱን አላሳድረውም፤ እርጥበት ይስባል። ሙሉ በሙሉ እስኪበርድ አንድ ሰዓት ያህል እጠብቃለሁ።

መውቀጡ ላይ ከሁሉም ሙቀጫ ይሻለኛል። ቀድሞ ቅመሙ ይወቀጣል፣ ቀጥሎ ሰሊጡ፣ መጨረሻ ላይ ለውዙ ሸክሸክ ይደረጋል። በኤሌክትሪክ መፍጫ ከሆነ ጠቅ እያደረጋችሁ ልቀቁት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላችሁ አቁሙና እዩት። አስረዝማችሁ ከያዛችሁት መፍጫው ይሞቃል፣ ዘይቱ ይወጣል፣ የለውዝ ቅቤ ይሆናል። የቡና መፍጫ የምትጠቀሙ ከሆነ ከዚያ በኋላ አንድ ሁለት ማንኪያ ደረቅ ሩዝ ፍጩበት። የፎገራ ሩዝ ካለ በቂ ነው። ሩዙ ዘይቱንና ሽታውን ጠርጎ ይወጣል። አለዚያ የነገው ቡናችሁ ከሙን ከሙን ይላል።

የምሠራቸው

ለዘወትር የምጠቀመው ይኼ ነው። ሁለት የቡና ሲኒ ለውዝ፣ አንድ ሲኒ ሰሊጥ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ድምብላል፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ከሙን፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው። ሲሰላ በአንድ የሾርባ ማንኪያ ቅመም ውስጥ የሚገባው ጨው ከግማሽ ግራም አይበልጥም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ነው የሚመክረው። አትክልቱ ሲቀቀል ጨው ከተጨመረበት ግን ከቅመሙ ላይ ቀንሱ። ለጥቅል ጎመን፣ ለካሮት፣ ለፎሶሊያ ይሄዳል። የተቀቀለ ቀይ ሥር ላይ ደግሞ በተለይ ይጥማል።

ለድንችና ለሐበሻ ጎመን የኑጉን እመርጣለሁ። አንድ ሲኒ ኑግ በቀስታ ይቆላል። ቁሉት እንጂ አታሳርሩት፤ ጥቁር ስለሆነ በዓይን አይለይም፣ በሽታው ነው የሚታወቀው። ሲወቀጥ ዘይቱ ቶሎ ስለሚወጣ ይለጠፋል። እዚህ ላይ አንድ ዘዴ አለኝ። አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በሶ እጨምርበታለሁ። በሶው የወጣውን ዘይት ይጠጣና ቅመሙ ይበታተናል። የተቆላ ሽምብራ ዱቄትም ያንኑ ያደርጋል። ከዚያ በወንፊት ነፋ አድርጋችሁ ሻካራውን ልጣጭ አውጡለት። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሚጥሚጣ፣ የሦስት አራት ፍሬ ኮረሪማ ውስጡን፣ ጨው። ከቆጋ መስኖ የሚመጣው ድንች ተቀቅሎ፣ ተከትፎ፣ ይህ ተነስንሶበት፣ ላዩ ላይ የዘጌ ሎሚ ጨመቅ ቢደረግበት ሌላ ማባያ አያስፈልገውም።

የዱባ ፍሬ የምትጥሉ ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ አትጣሉት። ታጥቦ፣ በፀሐይ ደርቆ፣ ተቆልቶ ከትንሽ ቀረፋና ኮረሪማ ጋር ሲወቀጥ ለዱባውም ለካሮቱም ይሆናል።

ተልባ የምትወዱ ደግሞ ታምሶ የተወቀጠ ተልባ ሳህን ላይ ብቻ ነስንሱ። ድስት ውስጥ ከገባ ይዝለገለጋል። ለብቻው በትንሽ በትንሹ ውቀጡት፤ ማቀዝቀዣ ውስጥም ሆኖ ከሳምንት በላይ አላቆየውም።

እርጥብ ነገር ጠርሙሱ ውስጥ አይግባ። ነጭ ሽንኩርት ጣዕሙ ይስማማል፣ ነገር ግን በስሱ ተከትፎ እስኪሰበር ድረስ ካልደረቀ አትጨምሩት። ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠልም እንዲሁ ናቸው። ኮሰረትና በሶብላ ደርቀው ስለሚሸጡ ችግር የለባቸውም።

ሲነሰነስ አትክልቱ ከእሳት መውረድ አለበት። ውሃው ተጠንፍፎ፣ ገና ትኩስ እንዳለ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጋችሁ አገላብጡት፣ ከዚያ ነስንሱ። ትኩሳቱ ሽታውን ያስነሳዋል። ውሃ ካቆረ አትክልት ላይ ግን ቅመሙ ርሶ ጭቃ ይሆናል።

እንግዳ ካለ ለውዝና ሰሊጥ እንዳለበት ቀድማችሁ ንገሩ። የሁለቱም አለርጂ ያለባቸው ሰዎች አሉ፤ አንዳንዱን ሰው ትንሽ እንኳ ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥለዋል። ለትንንሽ ልጆች ደግሞ ለውዙን ይበልጥ አድቅቁት፤ ጉርድ ፍሬ ሊያንቃቸው ይችላል።

አቀማመጡን በተመለከተ እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ለውዙንና ሰሊጡን በብዛት ቆልቼ ሙሉውን፣ ሳልወቅጥ፣ በደንብ በሚገጠም ጠርሙስ ማቀዝቀዣ ውስጥ አኖራለሁ። የምወቅጠው የሁለት ሳምንት ብቻ ነው። ከማቀዝቀዣ ሳወጣ የሚያስፈልገኝን ቀድቼ ወዲያው እዘጋዋለሁ፤ ተከፍቶ ከቆየ የክፍሉ እርጥበት ቀዝቃዛው ፍሬ ላይ ውሃ ይሆናል። ማንኪያው ደረቅ መሆን አለበት። ማቀዝቀዣ የሌላችሁ ወይም መብራት የሚመላለስባችሁ ከሆነ የሳምንቱን ብቻ ቁሉ፣ የሳምንቱን ብቻ ውቀጡ። ጠርሙሱ ላይ ወረቀት ለጥፌ የምጽፈው የወቀጥኩበትን ቀን አይደለም፤ ማለቅ ያለበትን ቀን ነው። ያ ቀን ሲቃረብ የተረፈ ካለ አሸትቼ፣ ቀምሼ፣ ደህና ከሆነ የዚያን ቀን ሽሮ ሊወርድ ሲል እጨምረዋለሁ።